በቀይ ከፈይ የጠቀለልኳቸው ሸክላዎች

«የሺ፣ ታቦት ሊወጣ ነው አሉ» አሉኝ እትዬ አስካለ።

የፍልሰታ ጾም ከገባ ሳምንት አልፎታል። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም እዘመዝማለሁ። እሳቸው ከቦኖ ውሃ ቀድተው መመለሳቸው ነው፤ ባልዲያቸውን እንኳ አላስቀመጡም። ከአምስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ላይ ደም ሲመላለስ አየሁ።

«የት?» አልኳቸው።

«ከጠበሉ በላይ፣ ጫካው ውስጥ። ከመሬት ሥር ዜማ ይሰማል አሉ። አንዷ እንጨት ለቃሚ በዋሻው አፍ አጮልቃ ብታይ፣ በቀይ ከፈይ የተጠቀለለ አራት ማዕዘን ነገር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እየጮኸች ወረደች አሉ።» ባልዲውን አስቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሄጄ ስለ ዳኒ እጠይቃለሁ። ሞቶ እንደሆነ ሞቷል ይበለኝ። ካለም አለ ይበለኝ።»

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ደሙ ዩኒፎርሙ ላይ እንዳይንጠባጠብ ጣቴን አፌ ውስጥ ከተትኩ። ያን ቀይ ከፈይ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የሰፋሁትም፣ ተሸክሜ ወጥቼ ድንጋዩ ላይ ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ። ውስጡ ያለው ታቦት አልነበረም። ሰባት የፈረንጅ ሮክ ሙዚቃ ሸክላዎች ነበሩ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ አስቀድሜ ልንገራችሁ። የተወለድኩት ላስታ ነው። አባቴ ቄስ ነበሩ። በድርቁ ጊዜ ሁለቱንም ወላጆቼን ቀብሬ፣ ከአገሬ ሰው አንድም የማውቀው በሌለበት አዲስ አበባ ገባሁ። ኮተቤ መንገድ ዳር ካለ የልብስ ስፌት ቤት ሥራ አገኘሁና እትዬ አስካለ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሰንበት አላጎድልም፤ ሰው ሦስት ቃል ሲናገር እኔ አንድ እናገራለሁ። ዳንኤል፣ የእትዬ አስካለ አንድ ልጅ፣ «እትዬ የሺ እኮ እግዜር ይስጥልኝንም በቁጠባ ነው የምትለው» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ዳንኤል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ሃያ አንድ ዓመቱ። የእሱ ክፍልና የእኔ ክፍል የሚጋሩት አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ሰባቱን ሸክላዎች የሰጠው ሁለተኛ ደረጃ ያስተማረው አንድ ፈረንጅ ሲሆን፣ አገሩ ሲገባ «ሻንጣዬ ሞላብኝ» ብሎ ጥሎለት ሄደ። ቅዳሜ ከሰዓት ጓደኞቹ ተሰብስበው ይመጣሉ። ክፍሉ ስለማይበቃቸው ደጃፉ ላይ ይቆማሉ። ሰኞ ላይ ከሰባቱ ሸክላዎች ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው ቤት የሚገኙት፤ ሌላው በየሰፈሩ ተውሶ ይዞራል። ዳኒ ለማንም አልሰጥም አይልም። «ሙዚቃ ተቆልፎበት ከተቀመጠ ይሻግታል» ይል ነበር። ብቻ አንድ ልማድ ነበረው፤ ማን እንደወሰደው እንዳይረሳ የወሳጁን ስም በሸክላው ሽፋን ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋል። ስሙ ከሥር ከሥር እየተጨመረ የአንዳንዱ ሽፋን ጀርባ ሞልቶ ነበር።

እኔ መጀመሪያ ላይ ዳዊቴን ከፍ አድርጌ እየደገምኩ ጩኸቱን ለማሸነፍ እሞክር ነበር። ጊታሩ ግን ግድግዳውን አልፎ ይመጣል። ኋላ ኋላ የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ ለየሁ። ከሁሉም ሦስተኛው ሸክላ ላይ አንድ ዝግ ያለ ዘፈን ነበር፤ መካከሉ ላይ ከበሮው ቀጥ ይልና ዘፋኙ ብቻውን ይቀራል። እዚያ ቦታ ሲደርስ መዝሙረ ዳዊቱ ላይ የቱ ጋ እንዳለሁ ይጠፋኛል። ይህንን ለነፍስ አባቴ ለአባ ወልደ ሰንበት ተናዘዝኩ። አባም «ልጄ፣ ጆሮሽን ቆርጬ አልጥለው» አሉኝ። «ከጠፋብሽ ቦታ ጀምረሽ ድገሚ።»

ከዚያ ያ የቀይ ሽብር ክፉ ዓመት መጣ። በመጋቢት አንድ ቀን ጠዋት ዳኒ ቁርሱን በልቶ ወጣ፤ አልተመለሰም። እትዬ አስካለ እስር ቤት ለእስር ቤት ዞሩ። ሬሳ ተጥሏል በተባለበት ሁሉ እየሄዱ ፊት ገልጠው አዩ። እሱን አላገኙም። ማልቀስ ክልክል በነበረበት ጊዜ፣ ሞቱ ላልታወቀ ልጅማ ማን ለቅሶ ይቀመጣል? ማታ ማታ ራቱን በሳህን አቅርበው ይከድኑታል፤ ጠዋት ለውሻ ይሰጡታል።

በመጀመሪያው አሰሳ የቀበሌ ጠባቂዎቹ ራዲዮኑንና የሸክላ ማጫወቻውን ወሰዱ። «የፈረንጅ ጩኸት ለራሳችሁ» ብለው ሸክላዎቹን ትተዋቸው ሄዱ። በሁለተኛው ግን ጽሑፍ ያለበት ነገር ሁሉ እንደሚመረመር ተወራ። የዚያን ቀን እትዬ አስካለ ሽፋኖቹን ገለበጧቸው። በሰባቱ ጀርባ ከሠላሳ በላይ የልጆች ስም ተደርድሯል፤ በዚያን ጊዜ በአንድ ወረቀት ላይ የተደረደረ ስም ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ሸክላውን እንዳናቃጥለው ጥቁር ጭሱና ሽታው ሰፈሩን ይሞላዋል። «እንግዲያው ሽፋኖቹን ብቻ እናቃጥል» ብላቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው ያዟቸው።

«የእጁ ጽሕፈት ነው የቀረኝ» አሉ።

ስለዚህ «ለእኔ ይስጡኝ፤ የት እንዳደረስሁት ግን አይጠይቁኝ» አልኳቸው። ያላወቁትን ተገርፈውም አያወጡትም ብዬ ነው። ሰጡኝ። በሐሳቤ የነበረው አንድ ጊዜ እሳቸው ራሳቸው እየሳቁ ያወሩኝ ዋሻ ነው። ዳኒ ልጅ ሳለ የራስ ምታት እያስቸገረው ከኮተቤ በላይ፣ ጫካው ውስጥ ወዳለው ጠበል ያመላልሱት ነበር። አንድ ቀን ቀዝቃዛውን ውሃ ፈርቶ ከጠበሉ በላይ ባለ ዋሻ ተደብቆ ግማሽ ቀን አስፈልጓቸዋል።

በእኛ አገር መከራ ሲመጣ ውድ ነገር በዋሻ ይቀመጣል፤ ሲቀመጥ ደግሞ በወጉ ነው። የእኔ እጅ የሚያውቀው አጠቃለል አንድ ብቻ ነበር፤ ከልጅነቴ በአባቴ ቤተ ክርስቲያን ያየሁት። መጀመሪያ በነጭ ነጠላዬ ጠቀለልኳቸው። ከላይ ከቤተ ክርስቲያን መጋረጃ የተረፈ ቀይ ከፈይ ነበረኝ፤ በእሱ ሸፍኜ ዳር ዳሩን ሰፋሁት። ጠበል ልቀዳ ነው ብዬ፣ እንደ ሕፃን አዝዬ፣ ጋቢ ደርቤ ወጣሁ። የሰው አደራ መሬት አይነካምና ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ስወርድ ልቤ ቀለለኝ። በገዛ እጄ ምን ሠርቼ እንደመጣሁ አንድም ጊዜ አላሰብኩትም።

እንግዲህ እትዬ አስካለ ወሬውን ባመጡልኝ ማግስት፣ ዓርብ፣ ሥራዬን አስፈቅጄ ወደ ጠበሉ ወጣሁ። ነሐሴ ነው፤ ጉሙ ከተራራው ወርዶ ጫካውን ሸፍኖታል። ከባሕር ዛፉ ቅጠል ውሃ ይንጠባጠባል። ከአሥር እርምጃ በላይ አይታይም፤ ሰው ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይልና መልሶ ይጠፋል። ጠበሉ ጋ ስደርስ ሰው አለ፤ ብዙ ሰው። ማንም አያወራም። ሁሉም ነጭ ለብሶ፣ ፊቱን ወደ ዳገቱ አዙሮ ያዳምጣል።

እኔም ቆሜ አዳመጥኩ። ብዙ ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ መጣ።

ከድንጋዩ ውስጥ ነው የሚመጣው። ቀጭን ነው፣ የተጎተተ ነው፤ የታመመ ሰው በእንቅልፉ የሚያቃስት ይመስላል። ከፍ ይላል፣ ይዘቅጣል፣ ደግሞ ቀስ ብሎ ይነሣል። አጠገቤ የቆሙ ሽማግሌ «ግዕዝ ነው» ብለው ተሳለሙ። ሌላው «ግዕዝስ አይደለም፣ የጥንት አባቶች ቋንቋ ነው» አላቸው በሹክሹክታ። አንዲት ሴት መሬት ላይ ተደፍታ ታነባለች።

እኔ ግን ዜማውን አወቅሁት። የሦስተኛው ሸክላ ዝግ ያለው ዘፈን ነው። ከበሮው ቀጥ የሚልበት ቦታ፤ ዘፋኙ ብቻውን የሚቀርበት።

የራሴ ፀጉር ከሻሹ ሥር ሲቆም ተሰማኝ። ማጫወቻውን ቀበሌ ወስዶታል፤ እዚያ ዋሻ ውስጥ መብራት የለም፣ ባትሪ የለም፣ ከሸክላ በቀር ምንም የለም። ሸክላ ደግሞ ብቻውን አይዘፍንም። ታዲያ ምን እየሰማሁ ነው? በዚያች ቅጽበት የመጣልኝን አልደብቃችሁም። የተቀደሰን ነገር አጠቃለል ለዘፈን አውዬው፣ ሰይጣን ማደሪያ አገኘ ብዬ አመንኩ። እትዬ አስካለን ከፊት አየኋቸው፤ ጧፍ ይዘው ተንበርክከው «ልጄን፣ ልጄን» ይላሉ። የሚለምኑት እኔ የጠቀለልኩትን ነው።

ከቀትር በኋላ የቀበሌው ጠባቂ ተካ ጠመንጃውን አንግቦ መጣ። ተካ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከዳኒ ጋር ኳስ ተጫውቶ ያደገ። ሰውን ሁሉ በዐይኑ ዞረና፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ካህናቱ ሲገቡ እኛም እንገባለን አለ። «ታቦት ከሆነ ይወጣል፤ ሌላ ነገር ከሆነም ይወጣል።» የሳቀ የለም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ካህናቱ ቢከፍቱት ሰባቱ ሸክላ ይገኛል፣ ከሠላሳ በላይ ስም ይነበባል። ይህ ብቻ መስሎኝ ነበር የሚያስፈራኝ። ቅዳሜ ማለዳ አባ ወልደ ሰንበት ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከፈዩን፣ ስሞቹን፣ ዜማውን። አባ ዐይናቸው ደክሟል፤ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዘንብለው እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ሰይጣን የሸክላ ማጫወቻ ቢኖረው ኖሮ፣ ለዘፋኞች ያከራየው ነበር» አሉኝ። ቀጥለው ግን ድምፃቸው ተለወጠ። «ዜማው የሚቆመው ሰው ሲቀርብ ነው?»

አሰብኩ። እንጨት ለቃሚዋ ወደ አፉ ስትጠጋ ዝም አለ ብላ ነበር። «አዎ፣ አባ።»

«እንግዲያው የሚሰማ ጆሮ አለው» አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። «ነገ አይደለም። አሁን እንሂድ።»

ስንደርስ ጉሙ እንደ ትናንቱ ነው። ጠበሉ ጋ የቆሙት ከሃያ አይበልጡም። አባ ሰውን ወደ ታች መለሱና «እስክጠራችሁ ማንም እንዳይወጣ» አሉ። ዋሻው አፍ ስንደርስ አፉ ጠባብ ነው፤ የእሳቸው ወገብ አይታጠፍም። ተመለከቱኝ።

«አባ፣ እኔ ሴት ነኝ» አልኩ።

«ታቦት አለመሆኑን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ» አሉኝ። «ስለዚህ መግባት የምትችይውም አንቺ ብቻ ነሽ።»

በእንብርክኬ ገባሁ። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፤ የእርጥብ አፈርና የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ አለ፣ ሌላም የሰው ሽታ አለ። ወደ ውስጥ ስገባ ዋሻው ይሰፋል። ከላይ ከአንድ ስንጥቅ ብርሃን ይወርዳል። ከብርሃኑ ሥር የእኔ ቀይ ከፈይ ተዘርግቷል። ዜማው ከጎኔ ተነሣ፤ በጣም ቅርብ፣ በእጄ የምነካው ያህል ቅርብ። ከዚያ ተቋረጠ።

«ማነህ?» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም።

ከጨለማው ውስጥ ቅጠል ተንኮሻኮሸ።

«እትዬ የሺ?»

ፊቱን ሳየው በድምፁ ባይሆን ኖሮ አላውቀውም ነበር። ፀጉሩ ትከሻው ላይ ወድቋል፣ ተቋጥሮ ገመድ ሆኗል። ጢሙ አድጓል። ጉንጩ ገብቶ ዐይኑ ብቻ ቀርቷል። ጆንያ ለብሷል። አጠገቡ ከባሕር ዛፍ የቀረፀው ችካል መሬት ላይ ተተክሏል፤ በችካሉ ጫፍ ሦስተኛው ሸክላ ተሰክቷል። በግራ እጁ የሸክላውን የውስጥ ወረቀት እንደ ጥሩምባ ጠቅልሎ ይዟል። በወረቀቱ ቀጭን ጫፍ ላይ መርፌ አለ።

«መርፌሽን ከፈዩ ላይ ሰክተሽ ረስተሽው ነበር» አለኝ ዳኒ።

ሸክላውን በጣቱ ገፋ አደረገው፤ መርፌውን አሳረፈበት። ያ ቀጭን ድምፅ ከወረቀቱ ወጣ። ጣቱ ስለሚዘገይ ዘፋኙ እንደ ሽማግሌ መነኩሴ ያዜማል። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሳቅም ተቀላቀለብኝ።

ከመጋቢት ጀምሮ ከእንጨት ቆራጮች ጋር እንጦጦ ጫካ ውስጥ ሲዘዋወር ቆይቷል። እነሱ ሲታሰሩበት ከልጅነቱ ወደሚያውቀው ዋሻ መጣ። «ገብቼ ቀዩን ሳየው እኔም ታቦት መሰለኝ» አለ። «ሦስት ቀን ፊቴን አዙሬ ነው የተኛሁት። በአራተኛው ቀን ስፌቱን አየሁትና የማን እጅ እንደሆነ አወቅሁ። ስፈታው የራሴ ሸክላዎች ናቸው። እትዬ የሺ፣ ሰው ሞቶ የራሱን ቤት ቢያገኝ እንደዚያ ነው የሚሆነው።» ከዚያ በኋላ በቀን አንዴ፣ የጓደኞቹን ስም ከሽፋኑ ጀርባ እያነበበ፣ ለእያንዳንዳቸው የወደዱትን ያጫውት ነበር። በስንጥቁ በኩል ድምፁ ወደ ጠበሉ እንደሚወርድ አላወቀም። እንጨት ለቃሚዋ ስታጮልቅ ሸክላዎቹን መልሶ በከፈዩ ሸፍኗቸው ነበር፤ እሱ ጥግ ላይ ተጠግቶ ትንፋሹን ያዘ።

«እናቴስ?» አለ።

ልመልስለት ስል አባ ከውጭ በመቋሚያቸው ድንጋዩን መቱ። «የሺ፣ ጉሙ እየተገለጠ ነው። ሰው እየመጣ ነው።»

በዋሻው አፍ ወጥቼ ወደ ታች አየሁ። ሃያዎቹ መቶ ሆነዋል። አባ ራሳቸው ወጥተዋል ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ተነቅሎ መጥቷል። እትዬ አስካለ ከፊት ናቸው። ከጎን በኩል ተካና ሁለት ጠመንጃ የያዙ ጠባቂዎች እየወጡ ነው። እሑድን አልጠበቁም። ከዋሻው የሚወርደው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በእነሱ መካከል ያልፋል።

ዳኒ ተከትሎኝ ከዋሻው አፍ ብቅ ሲል አባ በድንጋዩ ከለላ በእጃቸው ዳሰሱት፤ ፀጉሩን፣ ጢሙን፣ ጆንያውን። የለበሱትን ቢጫ ኩታ አውልቀው አለበሱት። መቋሚያቸውን አስያዙት።

«አባ፣ ምን ብለው ያሳልፉታል?» አልኳቸው።

«ምንም አልልም» አሉ። «የጠየቀኝ ካለ እውነቱን እነግረዋለሁ። የሚጠይቅ እንዳይኖር አንቺ ጸልዪ።» ወደ ዳኒም ዞሩ። «ዐይንህን ከመሬት አታንሣ። ማንም ቢነካህ አትቁም። እናትህም ብትሆን።»

እኔ ወደ ውስጥ ተመልሼ ሸክላዎቹን ከነከፈዩ በነጠላዬ ጠቅልዬ እንደ ልጅ አዘልኳቸውና ጋቢዬን ደረብኩ። ከአፉ አጠገብ ተንበርክኬ አየሁ።

ዳኒ በዳገቱ ላይ ብቅ ሲል የታችኛው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እሱ አዞረ። ቢጫ ኩታ፣ የወደቀ ፀጉር፣ መቋሚያ፤ ከኋላው የሚከተሉ አንድ ሽማግሌ ቄስ። በቀስታ ይወርዳል። ተካ በመንገዱ መካከል ቆሞ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ዳኒ አሥር እርምጃ ቀረው። ስምንት። ተካ ፊቱን ትኩር ብሎ አየው። እኔ ማርያምን መጥራት እንኳ አቃተኝ።

«ባሕታዊ ነው» አለ ተካ ጮክ ብሎ። ድምፁ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ። «ምን ታፈጣላችሁ? መንገድ ልቀቁለት።» ራሱም ከመንገዱ ወጥቶ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ሕዝቡ ሁሉ በግንባሩ ወደቀ። አንዲት ሴት ብቻ ቀና ብላ ቀረች። እትዬ አስካለ ነበሩ።

ዳኒ አጠገባቸው ሲደርስ አዩት። ምን ያህል እንዳዩት አላውቅም፤ ለእኔ አንድ ዓመት ነው የመሰለኝ። እጃቸውን ዘርግተው የኩታውን ጫፍ ያዙና ሳሙት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። የሆነ ነገር አሉት። ዳኒ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ቆመ። ከኋላው አባ በእጃቸው ጀርባውን ገፋ አደረጉት። ሄደ። ከቀረው ጉም ውስጥ ገባ፣ ጠፋ። እትዬ አስካለ ግንባራቸውን መሬት ላይ አድርገው ሰው ሁሉ እስኪበተን አልተነሡም።

አባ ተመልሰው ለሕዝቡ እንዲህ አሉ፦ «ታቦት አይደለም፤ እንዳትሳሳቱ። የሰው አደራ ነበር፤ ባለቤቱ መጥቶ አግኝቶታል። ወደ ቤታችሁ ግቡ፣ ጾማችሁን ጹሙ።» አንድ ቃል አልዋሹም። ተካ ዋሻውን ገብቶ አይቶ ወጣ። «ቅጠል ላይ ነው የሚተኛው፤ የመነኩሴ ኑሮ ነው» ብሎ ጠባቂዎቹን ይዞ ወረደ። እኔ በጀሪካኔ ጠበሌን ቀድቼ ከኋላቸው ወረድኩ።

ዳኒን ከከተማው መውጫ፣ ካራ በሚባለው ቦታ፣ ጎረቤታችን ጋሽ እንድሪስ፣ የደሴ መንገድ ሹፌር፣ በእህል ጆንያ መካከል አስተኝተው ወሰዱት። አባ ነበሩ ያስማሟቸው። በባቲ በኩል በእግሩ ጅቡቲ እስኪገባ ሁለት ወር ፈጀበት። በሕይወት አለ። ይህን ግን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ እትዬ አስካለ የዳኒን ሳህን አላቀረቡም። በሳምንቱ ልብሶቹን አጥበው፣ ተኩሰው፣ ለነዳያን ሰጡ። ልጁ መሞቱን የተቀበለች እናት እንዲህ ታደርጋለች። ልጁ ከእንግዲህ በዚያ ልብስ እንደማይመለስ የምታውቅ እናትም እንዲህ ታደርጋለች። አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም አልነገሩኝም። «ያ ባሕታዊ ዳኒ ነበር» ብላቸው በደስታ ለሰው ይነግሩ ይሆናል፣ ልጁ መንገድ ላይ ይያዛል ብዬ ፈራሁ። መጀመሪያ ለአንድ ወር ዝም ልበል አልኩ። ወሩ ዓመት ሆነ። በሁለተኛው ክረምት ሳንባ ምች ይዟቸው በሦስት ቀን አረፉ። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ዳዊት ስደግም ነበር። ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ጎረቤት ስለነበረ ዘጋሁት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ጥንቃቄ መልካም ነው ትሉኛላችሁ። እኔም ስል ኖሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን እንደ ድሮው ልተማመንበት አልቻልኩም። ጥንቃቄዬ አንድ ልጅ አትርፏል። ያው ጥንቃቄ አንዲትን እናት ምን ይዛ እንደሞተች እንዳላውቅ አድርጎኛል።

ሸክላዎቹን እስከ ደርግ መጨረሻ አልጋዬ ሥር አኖርኳቸው። ኋላ ወደ ጅማ መጥቼ ኑሮዬን እዚህ ሳደርግም ይዣቸው መጣሁ። ጊዜው ሲለወጥ በሽፋኖቹ ጀርባ ያሉትን ስሞች እየያዝኩ ሰዎቹን መፈለግ ጀመርኩ። አሥራ አንዱን አገኘሁ። ሦስተኛው ሸክላ ጀርባ ላይ የተካን ስም አነበብኩ፤ ሁለት ጊዜ ተውሶታል። እሱ በሰሜን ጦርነት እንዳለፈ ሰማሁ፤ ለእህቱ ከሸክላዎቹ አንዱን ሰጠኋት። የቀሩትንም እንዲሁ፤ ዳኒ በስልክ «አዙሪያቸው» ስላለኝ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራሉ። ሦስተኛውን ግን እኔ ዘንድ አስቀርቼዋለሁ። ዝግ ባለው ዘፈን ላይ መርፌው የቧጨረው አለ፤ እዚያ ሲደርስ ድምፁ ይንኮሻኮሻል። ዐርብ ዐርብ የማይጾሙ ወጣት ጎረቤቶቼ መጥተው ያዳምጡታል። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አብሬያቸው አዳምጣለሁ።

ዳኒ በደወለ ቁጥር የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «እናቴ ለይታኝ ነበር?» ይላል። ኩታውን ይዘው ሲያናግሩት ደሙ ጆሮው ውስጥ ይጮህ ስለነበር ቃሉን አልሰማም። እኔም ሩቅ ነበርኩ። አባም አርፈዋል፤ እሳቸውም ከኋላ ስለነበሩ አልሰማሁም ብለውኝ ነበር።

ስለዚህ ያን ቅዳሜ ከኮተቤ በላይ ያለው ጠበል የነበራችሁ ካላችሁ እለምናችኋለሁ። በግንባራችሁ ወድቃችሁ ስለነበር ምንም ባታዩ አይፈረድባችሁም፤ ጆሯችሁ ግን ክፍት ነበር። ከእትዬ አስካለ በስተቀኝ ሕፃን ያዘለች ሴት ነበረች። በግራቸው የተዘጋ ጥላ የያዙ አንድ ሰው ነበሩ። እናንተ ካላችሁ፣ ወይም ለልጆቻችሁ አውርታችሁት ከሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች በኩል ላኩልኝ። ቃሉ ደስ የሚል ባይሆንም ላኩልኝ። ያ ቢጫ ኩታ የለበሰው ሰው ሲያልፍ፣ ጫፉን ይዘው፣ ምን አሉት?